ከውጭ የተቆለፈ በር

ቁልፉ ከውጭ ሲዞር የልጅቷ እርሳስ ሒሳቡ መሃል ቆመ። ነገ ጠዋት የመልቀቂያ ፈተና አለባት፤ አባቷ ደግሞ ሳሎኑን በእንግዳ ሞልቶ ሻይ እንድታቀርብ ደጋግሞ ተጣርቷል። የምትቀጣ መሰላት። ከወንበሯ ሳትነሳ ጆሮዋን ቀሰረች።

«ልጅቱን ጥሪያት እንጂ!» አለ አባቷ ከበሩ ማዶ።

«ቆልፌባታለሁ» አለች እናቷ። «ቁልፉም ጉያዬ ውስጥ ነው።»

«ምን አጥፍታ?»

«ምንም። አምና በፈተናው ዋዜማ የእንግዳ ሳህን ስታጥብ አምሽታ ፈተናውን ወደቀች። ዘንድሮ አይደገምም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል። ሻዩ ፈልቷል፤ መቅዳት እጅ አይሰብርም።»

አጎቷ ከሳሎን ሳቀ። «ዶክተር ልታደርጊያት ነው እንዴ?»

«አንተም ሲያምህ ደጇ ትሰለፋለህ!»

ከዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ያልለመደ እጅ ብርጭቆዎቹን አንኳኳ፤ አንድ ክዳን ወድቆ ተንከባለለ።

«ስኳሩ የት ነው ያለው?» ሲል አባቷ ጮኸ።

ልጅቷ ታውቃለች። ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከጨው ጣሳው ጀርባ ነው። እንደ ልማዷ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችውና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።