ለታዲዮስ የተላኩት ሽማግሌዎች

«ቃል ካልሰጠኸን አንቀመጥም» ይላል ወዳጆ፣ በትሩን መሬት ላይ ተክሎ። አጠገቡ አባ ገብረየሱስ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ሁለቱም ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ዛሬ ግን ልጄን ለተሥላሴን ለታዲዮስ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት። ወጉ ነውና፣ የመጡበት ሳይሳካ ሽማግሌ አይቀመጥም።

ታዲዮስን አውቀዋለሁ፤ ከተማ ኮሌጅ አብሯት ይማራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለተሥላሴ ስንቋን ልትወስድ ስትመጣ፣ እስከ መንደራችን አፋፍ ድረስ ከኋላዋ አይጠፋም። እኔማ የሚያደርሳት መስሎኝ! እንዲያውም አንድ ቀን ጠርቼ «ተባረክ» ብዬ መርቄዋለሁ።

እሺ ልል አፌን ስከፍት ለተሥላሴ ከጓዳ ትወጣለች። ሽማግሌ ባለበት ሴት ልጅ አትገባም። እናቷ አስካለ ማርያም ነጠላዋን ይዛ ጎተተቻት፤ ነጠላውን እናቷ እጅ ላይ ትታው መጣች።

«አባባ፣ መልስ ከመስጠትዎ በፊት ይስሙኝ። ታዲዮስ አያደርሰኝም፤ ይከተለኛል።»

ወደ እኔ ቀረብ አለች።

«ከክፍል ስወጣ በር ላይ ነው። የተከራየሁበት ቤት ደጃፍ ቆሞ ይውላል። ቤት ብቀይር አገኘው፤ የሞባይል ቁጥሬን ብቀይር በሳምንቱ ደወለ። ስተኛ በሩን በጠረጴዛ አስደግፋለሁ።»

ወዳጆ ይስቃል። «እቴ፣ ይኸማ ፍቅር ነው! እኔስ ባለቤቴን የትምወርቅን ስንት ቀን ምንጭ ዳር ጠብቄያታለሁ!»

«እትዬ የትምወርቅ ‹ተወኝ› ብለውዎት ነበር፣ ጋሽ ወዳጆ?»

«ኧረ እሷስ ‹እንስራውን አሸክመኝ› ነው ያለችኝ!»

አባ ገብረየሱስ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። እስክንጨርስ ጠበቀችን።

«እኔ ተወኝ ብዬዋለሁ። አንዴ ብቻዬን፣ አንዴ በጓደኞቼ ፊት፣ አንዴ እያለቀስኩ። ‹እኔ ካላገኘሁሽ ማንም አያገኝሽም› ነው ያለኝ።»

ሳቃችን እዚያው ደረቀ። ያ ምርቃቴ ትዝ አለኝ፤ ፊቴን የማደርግበት አጣሁ። ቤት ትቅር ይሆን፣ እላለሁ በሆዴ። ያሰብኩትን ከፊቴ አነበበችው።

«ትምህርቴን አልተውም፣ አባባ። ያጠፋሁት የለም።»

ድምጿ ይንቀጠቀጣል፤ እግሯ ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ያለች ልጅ እቤቴ ማደጓን ሳላውቅ ነው ለካ የኖርኩት።

«ወዳጆ፣ ሰምተሃል» አልኩ። «ለእሱ የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

«እኛ እንገሥጸዋለን» ይላሉ አባ ገብረየሱስ።

«ይገሥጹት፣ አባ። እኔ ግን ዛሬውኑ ሞላሌ ከተማ ሄጄ ለፖሊስ አመለክታለሁ። የሚመሰክርልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ወዳጆ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «እኔን ‹እሷ እሺ ብላለች፣ የቀረው የአባቷ ቃል ነው› ብሎ ነው የላከኝ። ይኸንኑ እናገራለሁ። በዚህ ሽበቴ የውሸት መልእክተኛ ያደርገኛል!»

ጋቢያችንን ተከናንበን ወጣን። መንገዱ በታጨደ የገብስ ማሳ መሐል የሚያልፍ ቀጭን ነው፤ እሷ ከፊት፣ ሦስታችን ከኋላ ተሰልፈን እንሄዳለን። ጥቂት እንደሄድን ቆም አለች፤ ዞር አላለችም።

«አባባ፣ ከኋላዬ አትሁኑ። ኮቴ ስሰማ ልቤ ይመታል። ከጎኔ ሁኑ።»

መንገዱ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው። አባ ገብረየሱስ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ማሳው ውስጥ ገቡ። ወዳጆ በበትሩ መርገጫ እየፈለገ ተከተላቸው። እኔ በቀኟ በኩል፣ የገብሱ ቁራጭ ባቴን እየወጋኝ እራመዳለሁ። ልጄ መሐል መንገዱን፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄዳለች።