የተሻረው ቅጣት ምት

መሪጌታ አካለ ወልድ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅኔ ያስተምራሉ። ኳስ መውደድ የጀመሩት በስተርጅና ነው፤ አንድ ልጃቸው አንዷለም ለጮቄ እግር ኳስ ክለብ አጥቂ ሆኖ ሲፈርም። መጀመሪያ ላይ ጥምጥማቸውን አሳምረው ስታዲየም ሲገቡ ሰው ይስቅ ነበር። ኋላ ተለመዱ። ጎል ሲገባ ጭራቸውን ወደ ላይ የሚያነሱ፣ ዳኛ ሲሳሳት ከሁሉ ቀድመው የሚቆሙ እሳቸው ሆኑ።

«ጮቄን የሚያሸንፍ ቡድን አልተፈጠረም» ይሉ ነበር፤ «ጮቄን የሚያሸንፈው ዳኛ ነው።»

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ በሜዳቸው ነበር። ጮቄ ካሸነፈ በሊጉ ይቆያል፤ አቻ ከወጣ ይወርዳል። ከወረደ ደግሞ ክለቡ እንደሚፈርስ ሁሉም ያውቃል። ባዶ ለባዶ ሆኖ ሊያበቃ ሲል አንዷለም ኳሱን እየገፋ ወደ እንግዳው ቡድን ግብ ተጠጋ። ተከላካዩ እግሩን ሰደደ። አንዷለም ወደቀ።

ዳኛው ዘማርያም ፊሽካ ነፋ። እጁንም ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ ዘረጋ።

ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ። መሪጌታ አጠገባቸው የተቀመጠውን የማያውቁትን ሰው አቅፈው ሳሙት። ሜዳው ላይ የእንግዳው ቡድን ተጫዋቾች ዳኛውን ከበው ጮኹበት። ዘማርያም ከመካከላቸው ወጣና ገና ከመሬት ወዳልተነሳው አንዷለም ሄደ። እጁን ይዞ አነሳው። አፍና ጆሮ ገጥመው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ዳኛው የልጁን ትከሻ መታ መታ አደረገና ውሳኔውን ሻረ።

ጮቄ ወረደ።

ድንጋይም ወረደ። አንዱ የዘማርያምን ግንባር ተረተረው። ደጋፊው አጥር ጥሶ ሲገባ ዳኛውን በገዛ ሰውነቱ ከልሎ እስከ መልበሻ ክፍል ያደረሰው አንዷለም ነበር።

«የኔን ልጅ አያችሁት?» አሉ መሪጌታ በማግስቱ ሻይ ቤት ተቀምጠው። «የበደለውን ይከልላል!»

«ምናልባት ዳኛው አጣርቶ ይሆናል» አለ ጎረቤታቸው አንተነህ። «ምናልባት ሳይነካ ወድቆ…»

«ልጄን አስመሳይ ልትለው ነው? ደግሞስ አስመስሎ ከወደቀ ቢጫ ካርዱ የታለ? ሕጉ ቢጫ ይሰጠው ይላል። ለምን አልሰጠውም? እውነቱን ስለሚያውቅ ነዋ!»

አንተነህ ወደ ሻይው ዞረ። መሪጌታም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፊሽካው በእሱ አፍ ነው፤ ትንፋሹ ግን የሌላ ነው» አሉ። ወርቁ ለሁሉም ገባው። ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ከአማኑኤል እስከ ሉማሜ ተዳረሰ። ዘማርያም በሄደበት ሜዳ ሁሉ ይህንኑ ይጮሁበት ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ዳኝነቱን ተወ።

ሌላው በአባቱ ቅኔ ሲስቅ አንዷለም አልሳቀም። አንድ ምሽት ከአባቱ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ስለዚያ ጨዋታ አንድ ነገር ልነግርዎት…»

«አውቃለሁ ልጄ። ምን ብሎ እንዳስፈራራህ ከፊትህ አነበብሁት። እንጀራህን ነጠቀህ። እግዚአብሔር ይፍረድበት።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ሰውየውን ይተዉት፣ አባባ» ብቻ ብሎ ወጣ።

ክለቡ ፈረሰ። አንዷለም ሌላ ክለብ ፈልጎ አላገኘም። ክረምቱ ሲወጣ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ወረደ፤ እዚያ ወባ ያዘው። በአንድ ሚኒባስ ተጭኖ፣ በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ተመለሰ።

«ልጄን የገደለው ወባ አይደለም» አሉ መሪጌታ ለለቀስተኛው ሁሉ። «ዳኛው ነው።»

በሠልስቱ ዘማርያም መጣ። ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ድንኳኑ ጥግ ማንም ሳያስተውለው ተቀመጠ። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ግን አሳወቀው። ሹክሹክታው ከአግዳሚ አግዳሚ እየዘለለ መሪጌታ ጋ ደረሰ።

ብድግ አሉ። «አንተ! ይኸው ሁሉ ሰው ይስማህ። ያን ቀን ቃልህን ያስቀየረህ ማን ነው?»

ዘማርያም ተነሳ። ሰዉን አየ፤ አዛውንቱን አየ። «መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ይኸው አመነ!» አለ አንድ ድምፅ። ከጮቄ ተጫዋቾች ሁለቱ ወደ እሱ መጡ። የአንዷለም እናት ወለተ ሐዋርያት በመሐል ገቡ።

«ልጄን ሊያለቅስ የመጣ ሰው በደጄ አይመታም!»

ተጫዋቾቹ ተመለሱ። ዘማርያም እጅ ነስቶ ወጣ። መሪጌታ ግን አላስቻላቸውም፤ ተከትለውት ከአጥሩ ውጭ ባሕር ዛፉ ስር ደረሱበት። እጁን ያዙት።

«አሁን ሰው የለም። አልቆጣህም። ማን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።»

«ቃል አለብኝ፣ መሪጌታ።»

«ልጄን ቀብሬ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ሊጎዳኝ ብለህ ነው? ቃል የሰጠኸው ለማን ነው?»

ዘማርያም እንባው ቀደመው።

«ለልጅዎ። ‹ጋሼ፣ ማንም አልነካኝም፤ ራሴ ነኝ የወደቅሁት። አባቴ ግን እንዳይሰማብኝ› አለኝ።»