የትርንጎ ሳቅ

«ሰማችሁ? የአያ ሰውአገኝ ልጅ የሰፈሩን ጎረምሳ አስከትሎ ሸፈተ አሉ! ድብ ባሕር ገበያ ሙሉ ወሬው እሱ ነው» አለች የትርንጎ ጎረቤት ዝናሽ። ከቅዳሴ ወጥተው ሰንበቴ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ዳቧቸውን እንደያዙ ተጠጓት። አንዷ «ክፉ ጓደኛ ነው» አለች፤ ሌላዋ «የለም፣ መተት ነው»።

ትርንጎ ወሬ አታሳልፍም ነበር። ዛሬ ግን ወሬው ውስጥ ሳትገባ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ቀረች። ባለፈው የቀበሌ ስብሰባ አያ ሰውአገኝ «ማዳበሪያው ምነው ዘገየ?» ቢሉ፣ በዕድሜ የልጅ ልጃቸው የሚሆን ሊቀመንበር «መጀመሪያ አደግድግ!» ብሎ ጮኸባቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ሲያሸርጡ ልጃቸው ቆሞ ያያል። ሊቀመንበሩ ሳቀ። ሰዉም አብሮ ሳቀ። ትርንጎም በዚችው ነጠላ አፏን ይዛ ተንከተከተች።

«እንዲያው ምን ቢያስቀይመው ነው ሸጋው ልጅ?» አለች ዝናሽ።

የትርንጎ ፊት ጋለ። «ፈርተን እኮ ነው የሳቅን» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አብሮ አደጓ እስከዳር ቀና አለች። «ፍርሃታችንማ ሆዳችን ውስጥ ነበር፤ ልጁ የሰማው ሳቃችንን ነው። የሸፈተውም ያኔ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ዳቦ የቆረሰ የለም።