ሦስት ደቂቃ

“ሌባ! ስማችንን የት አደረስኸው?” ይላል ከውጭ አንድ ጎልማሳ። ሌሎቹም ይቀበሉታል። አንቱታው ከጠዋት ጀምሮ ቀርቷል።

በመስኮቱ አያቸዋለሁ። አያ ጓንጉል የሺዋስ በማዳበሪያ መጋዘኑ ደረጃ ላይ፣ በካፊያው ውስጥ፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው። ሚያዝያን ሙሉ ከጋፋት እስከ ማዶው መንደር በእግራቸው እየዞሩ ማዳበሪያ የሚፈልገውን ሰው ስም የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ በሰባ ዓመታቸው። ሐምሌ ገብቷል፣ ማሳው ታርሶ ጤፍ ይጠብቃል፣ መጋዘኑ ግን እንደተቆለፈ ነው።

ያስቆለፈው ጠዋት ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ከላይኛው መሥሪያ ቤት የመጣ፣ ማኅተም ያለው። “ከ843 ተመዝጋቢዎች 824ቱ ተደጋጋሚ ስም ሆነው ስለተገኙ ተሰርዘዋል። ስም ያባዛው አካል ይጠየቅ” ይላል። ስም የጻፈው ማን ነው? አያ ጓንጉል። በቃ፣ ሌባው ተገኘ!

እኔ ግን ሌባውን አውቀዋለሁ። ስሜ መስከረም ነው፤ የዚህ የወረዳ ግብርና ቢሮ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነኝ። ዝርዝሩ ከእኛ ሲወጣ ኤክስኤምኤል በሚባል ፋይል ተጠቅልሎ ነው የሚላከው። ፋይሉ በምን ዓይነት ፊደል እንደሚጻፍ የምታዝ አንዲት መስመር አለች። የእኛዋ መስመር የምታውቀው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደል ሲመጣባት በእያንዳንዱ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ትተካለች። ስለዚህ ጓንጉል የሺዋስም ሙሉቀን ካሳሁንም ላይኛው ቢሮ ሲደርሱ አራት ጥያቄ ምልክት፣ ክፍት ቦታ፣ አራት ጥያቄ ምልክት ናቸው። ያኛው ማሽን ደግሞ አንድ ሰው መቶ ጊዜ ተመዝግቧል ብሎ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ጣለ።

ለአለቃዬ ለአቶ ይሻው ግንቦት ላይ ነግሬዋለሁ። ፋይሉን ለሙከራ ስልከው ስሕተቱን አይቼ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ፣ ደብዳቤ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። “ሲስተሙ የተገዛ ዕቃ ነው፤ ከነካሽው ዋስትናው ይበላሻል” አለኝና ደብዳቤዬን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ዛሬ ሳላስፈቅድ ነካሁት። መስመሯን ፈልጌ አገኘኋት፤ ያለውን አጥፍቼ ዩቲኤፍ-8፣ የእኛንም ፊደል የሚያውቀውን፣ ጻፍኩ። ላክሁት። መልሱ መጣ፦ ተቀባይነት ያገኙ፣ 843።

“ተመስገን!” ይላል ይሻው ከኋላዬ። “አለቀ በቃ። መጋዘኑ ይከፈት። ኔትወርክ ነበር በያቸው።”

“አያ ጓንጉልስ?”

“ምን ሆኑ? ማዳበሪያውን ሲያዩ ይረሱታል።”

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።”

“ተረቱን ተይው፣ መስከረም። ውልሽ ነሐሴ ላይ ነው የሚያልቀው።”

“አንተ ሰው፣” እለዋለሁ፣ “ፈጣሪን አትፈራም?” አንተ ብዬው አላውቅም። ፊቱ ቀላ። በሩ ተንኳኳ።

አያ ጓንጉል ናቸው። ጋቢያቸው ውኃ ያንጠባጥባል። እንዲያም ሆኖ “እንዴት ዋላችሁ” ይሉናል። ይሻው ወንበር ያቀርባል፣ አይቀመጡም።

“ልጄ ፈንታነሽ ከሕዝቡ መሐል ናት” ይላሉ። “ሌባ ሲሉኝ ሰምታ አንገቷን ደፋች። ያባዛሁት ስም ካለ አሳዩኝ። ከሌለም ንገሩኝ፣ ልወቀው።”

“አንቱ ምንም አላጠፉም፣ አያ” እልና ስክሪኑን አዞርላቸዋለሁ። ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፤ መስመሯን፣ ጥያቄ ምልክቱን፣ ሁሉንም። ዳዊት ደጋሚ ናቸውና ስሞቹን በከንፈራቸው እያነበቡ፣ በጣታቸው እየተከተሉ ይወርዳሉ። እኔ ቁልቁል እየገፋሁላቸው እሄዳለሁ። አይቸኩሉም።

“ሁሉም አሉ” ይላሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ይሰበራል።

አሁን ወደ ይሻው ይዞራሉ ብዬ እጠብቃለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያ ዱላ ይሻው ጀርባ ላይ ሲያርፍ ማየት አምሮኛል።

“ይኸን መቼ ነው ያወቃችሁት?” ይላሉ።

“ግንቦት ላይ። እኔ ደብዳቤ ጽፌ ነበር፣ አያ፣ እሱ ነው እንጂ—”

“እስቲ ቆዪ፣ ልጄ። ለማቃናት ምን ያህል ፈጀብሽ?”

“ሦስት ደቂቃ።”

“ግንቦት ላይ ቢሆንስ?”

ይሻው ያስላል። እኔ ቁልፍ ሰሌዳውን አያለሁ።

“ያው ሦስት ደቂቃ” እላለሁ።

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ በሩ ይዞራሉ። ምነው በሰደቡኝ! ደብዳቤ ጽፌ፣ ቅጂውን ለራሴ አስቀምጬ፣ ሁለት ወር ሙሉ ትክክለኛ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ውሌን ፈርቼ። ጠዋትም መስኮቱ ላይ ቆሜ ሲሰደቡ እየሰማሁ፣ ይሻውን በሆዴ ስረግመው ነበር።

ጋቢያቸውን ጨምቀው ይወጣሉ። ውጭ ጩኸቱ እንደገና ይነሣል፤ “መጣ፣ ሌባው መጣ!”

“ኔትወርክ በይ፣ መስከረም። አደራሽን” ይላል ይሻው።

ወንበሬን ገፍቼ እነሣለሁ። ተከትያቸው ወደ መጋዘኑ ደረጃ እሄዳለሁ። ካፊያው ፊቴን ይመታኛል። ስምንት መቶ ሰው፣ ከነአህያው፣ ወደ እኔ ይዞራል። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆማለች፤ አገጯ የአባቷ ነው።

“ስሙኝ!” እላለሁ፤ ድምፄ ይቀጥንብኛል። “አውቅ ነበር! ከግንቦት ጀምሮ አውቅ ነበር!”

አያ ጓንጉል ሳያዩኝ ዱላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው ያዛውሩና ደረጃው ላይ ጠጋ ይሉልኛል።