የጀሪካን ቁራጭ

ማሩ ሙዚቃ አይሰማም፤ ሙዚቃ ያያል። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የሬዲዮና የስልክ መጠገኛው ተቀምጦ፣ ድምፁን ዘግቶ የድሮ የዘፈን ቪዲዮ ሲያገላብጥ ይውላል። ሰው ዘፋኟን ሲያይ እሱ ከኋላ ያለውን ቤዝ ጊታር ያያል። «ይቺ የጃፓን ናት፣ በንጉሡ ጊዜ የገባች። መቃኛዎቿን እያቸውማ!» ይላል። የተጫዋቹን መልክ ብትጠይቁት ግን ምኑንም አያውቅም። ጊታሯን የያዛት ሰው መኖሩንም ልብ አላለም።

ሠናይት ወደ እሱ መመላለስ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። የምትፈልገው አንድ ጊታር ነው፤ የወንድሟን የዳኛቸውን። ዳኛቸው ከድሮው የአውራጃ ኪነት ቡድን መጋዘን ወድቆ ያገኘውን ቀይ ቤዝ ጊታር ጠግኖ፣ የተሰበረውን የፊት ሽፋን ከቢጫ የዘይት ጀሪካን በቆረጠው ፕላስቲክ ተክቶ ይጫወት ነበር። በዘጠና አንዱ ጦርነት ጊታሩን አዝሎ ከጦሩ የኪነት ቡድን ጋር ዘመተ። እሱም ጊታሩም አልተመለሱም። አስከሬን አልመጣ፣ መርዶ አልመጣ።

ማሩ ጊታሩን እስካሁን በቪዲዮ ሁለት ቦታ አግኝቶታል፤ አንዴ መተማ ሠርግ ላይ፣ አንዴ ገንዳ ውኃ በዓል ላይ። ሠናይት እንዳየችው፣ ሁለቱም ቦታ የያዘው አንድ ሰው ነው። ጺማም፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ።

«ገድሎት ነው የወሰደው» አለች ሠናይት። «ዳኛቸው በሕይወት እያለ ያንን ጊታር ለማንም አይሰጥም።»

ባሏ ሃምሳ አለቃ በላይነህም በዚሁ ይስማማል። ዛሬ ጡረታ ወጥቶ የንብ ቀፎውን ይጠብቃል እንጂ፣ ያኔ ከግንባር የኮበለሉትን እያደነ የሚመልስ ፖሊስ ነበር። ቤታቸው መጀመሪያ የመጣውም ዳኛቸውን ፍለጋ ነው። ወንድሙን ሲፈልግ እህቲቱን አገኘ እያሉ ጓደኞቹ እስከ ዛሬ ይቀልዱበታል።

«ፊቱን ብቻ አግኙልኝ» ይላል በላይነህ። «የቀረውን ለእኔ ተዉት።»

እናቷ ወይዘሮ አሰለፈች ግን ነገራቸው ሌላ ነበር። «ኧረ ለልጅዎ ተዝካር ያውጡለት፣ ነፍሱ ትረፍ» ሲሏቸው «ሆድ ይፍጀው» ብለው ወሬ ይለውጣሉ። ዘፈን ሲሰሙ የሚያማትቡ ሴት፣ በሠናይት ሠርግ ጊዜ ባንድ ካልመጣ ብለው ግብግብ ገጠሙ። ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ጋቢ አሠርተው ጣራ ገዳም ለመሳለም ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ጋቢው የለም። «ለመነኮሳቱ ሰጠሁት» ይላሉ። ኀዘን ነው እንዲህ ያደረጋቸው አለ ሰው ሁሉ።

ባለፈው ወር አረፉ። ሠናይት እንባ እንቢ አላት። በገዛ እናቷ ለቅሶ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ሰነበተች። አንድ ነገር ብቻ ወሰነች፤ የእናቷን አርባ ከወንድሟ ተዝካር ጋር አንድ ላይ ልታወጣ። አንዳንዴ «ባይሞትስ? ወንድሜን በቁሙ ልቅበረው?» የሚል ሐሳብ ይመጣባታል። ያኔ ያ ባለ ባርኔጣ ትዝ ይላታል፤ ሐሳቧም ይቆርጣል። የዳኛቸውን የክርስትና ስም ለካህናቱ ሰጠች። በሬው ተገዛ፤ ጠላው ተጠመቀ። የዘንድሮው ጋቢ ከእናቷ ሳጥን ተጣጥፎ ስለተገኘ ለንስሐ አባቷ ሊሰጥ ተቀመጠ። እሑድ ጧት የዳኛቸው ስም ከሙታን ጋር ይጠራል።

ዓርብ ዕለት የሠርጓን የቪዲዮ ካሴት ለማሩ ይዛለት መጣች፤ ወደ ፍላሽ እንዲያዛውርላት። እናቷን በደህናው ቀን የሚያሳያት ሌላ ነገር የላትም። ካሴት ማጫወቻዋ ከተበላሸ ስንት ዘመኑ፤ በሠርጓም ዕለት አንገቷን ደፍታ ነው የዋለችው።

ማሩ እንደ ልማዱ ድምፁን ዘጋ። ሚዜዎቹ ጨፈሩ፣ ሠናይት ልጅ ሆና ታየች፣ ድንገት ማሩ ምስሉን አቆመው።

«እትዬ ሠናይት፣ ቁጭ በይማ።»

ከሙሽሮቹ ጀርባ፣ ድምፅ ማጉያው ጥግ፣ ቀይ ቤዝ ጊታር። ፊቱ ላይ የጀሪካን ቁራጭ። ባርኔጣ። ጥቁር መነጽር።

«በሠርጌ ቀን!» አለች ሠናይት። «ወንድሜን ገድሎ መጥቶ በሠርጌ ተጫወተ!» ስልኳን አንስታ ለባሏ ደወለች። «ና፣ ተገኘ» ብቻ ነው ያለችው።

በላይነህ መናኸሪያው ማዶ ስለነበር ወዲያው እያለከለከ ገባ።

«ፊቱ ይታያል?»

«ገና ነው። ምሳ ላይ ደርሰዋል» አለ ማሩ። «ሲበላ መነጽሩን ያወልቅ ይሆናል።»

ሦስቱም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን አስቀመጡ። ወይዘሮ አሰለፈች ሳህን ይዘው ብቅ አሉ፤ ቆም ብለው ሙሽራውን በጎን አዩት። ሙሽራው በላይነህ ከሚዜዎቹ ጋር ይስቃል። እሳቸው ወደ ሙዚቀኞቹ አለፉ።

«አይ እማዬ!» አለች ሠናይት። «ሳታውቂ ገዳዩን ልታበዪው!»

ወይዘሮ አሰለፈች ከድምፅ ማጉያው ኋላ ገብተው ባለ ባርኔጣውን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አጎረሱት፣ አፉንም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።