ያልተጫረው ክብሪት

አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋና ሽማግሌው ሻማ ሊያበሩ ክብሪት አወጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ እንዳትጭር! ጋዝ ይሸታል!» አለች ሚስታቸው ከመኝታ ቤት።

እሳቸው ከታመሙ ወዲህ አፍንጫቸው ሽታ አይለይም። «ደግሞ ጀመረሽ!» ብለው ቢያጉረመርሙም፣ ክብሪቱን ኪሳቸው ከተው እየዳበሱ ወጥ ቤት ገቡ። የጋዝ ምድጃው አንዱ ማብሪያ ክፍት ነበር። ዘጉትና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ጎረቤታቸው ትርፌ እያለከለከች መጣች።

«ኧረ ጋሼ፣ ሽታው እኮ ደረጃው ድረስ ወርዷል! እርስዎ አይሸትዎት፣ እንዴት አወቁ?»

«እሷ ናታ የነገረችኝ» አሉ፣ ወደ መኝታ ቤቱ በአገጫቸው እየጠቆሙ።

ትርፌ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ጋሼ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ ለአርባ ተዝካሯ ስናበስል ውለን፣ ሳንዘጋው ወጣን።»