ቀድሞ የተቀመጠ ቅጠል

ከአምቦ ጌዶ እየተመላለስኩ ለማስተማር የምነዳት አሮጌ መኪናዬ የሞተሯ ቴስታታ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቶ ውሃ አልይዝ ካለች ከራርማለች። ስትግል ጥግ ይዤ እቆምና፣ ከኋላ የሚመጣ እንዳይገጨኝ ቅጠል ቆርጬ አስፋልቱ ላይ እያራራቅሁ አስቀምጣለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ጉደርን አልፌ ስቆም ግን ቅጠሉ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ሦስት ለምለም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፤ ሦስተኛው ከኋላ ጎማዬ አንድ እርምጃ ላይ። ከእኔ በፊት የቆመ ሰው ይኖራል አልኩ። ሐሙስ የጌዶ ዳገት ወገብ ላይ ጋለች። እዚያም ሦስት ቅርንጫፍ፤ የተቆረጡበት ገና አልደረቀም።

ቅዳሜ መካኒኩ ኦቦ ሆርዶፋ አዲስ ጓርኒሲዮን ገጠመልኝ።

«ከእንግዲህ ከጋለች ጋራዤን እዘጋለሁ» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ደራርቱ ከአልጋ አልተነሳችም።

«ትንሽ አተኮሰኝ እንጂ ደህና ነኝ። ሂድ፣ ተማሪዎችህ ይጠብቁሃል» አለችኝ።

ስመለስ ለመክፈት እንዳትነሳ ብዬ የግቢውን በር ከውጭ ቆልፌባት ሄድኩ።

ከሰዓት ስመለስ የሙቀት ጌጁ ንቅንቅ አላለም። ከጌዶ እስከ አምቦ መንገዱ ላይ አንድም ቅጠል አላየሁ። ብቻዬን ሳቅሁ።

የመጀመሪያው ቅርንጫፍ የግቢያችን በር ፊት ነበር።

ቁልፉ እንደቆለፍኩት ነው። ከፍቼ ስገባ ሁለተኛው ሳሎኑ መሐል ተጋድሟል።

«ደራርቱ!» አልኩ።

ሦስተኛው፣ እርጥቡ፣ ከመኝታ ቤታችን በር አንድ እርምጃ ላይ ነበር።